ዝናቡ እስኪያባራ ማን ይጠብቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጡረታ ዓምድ

ሰኔ ግም ሲል ለዚህ ዓምድ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መመሳሰል ይጀምራሉ። በጋውን ሙሉ ሲወጣ ሲገባ የከረመ ሰው ክረምት ሲመጣ ቤት ይውላል፤ ጉልበቱ ይያያዛል፣ ወዳጅ ይርቀዋል። በዚህ ዕትም ከመሃል አዲስ አበባ የደረሱንን ጥያቄዎች መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በጋ ላይ ከአራት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን 10 ሰዓት ላይ ቡና እንጠጣለን። ክረምት ሲገባ ግን «ዛሬማ መዝነቡ ነው» እየተባባልን ቀጠሮው ይፈርስና መስከረም ላይ እንደ አዲስ እንተዋወቃለን። ምን ይሻላል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ያፈረሳችሁ ዝናቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። በአዲስ አበባ የክረምት ጠዋት ብዙውን ጊዜ ይገልጣል። ፀሐይዋ ርጥቡን መሬት ስታሞቀው እርጥበት ያዘለው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ደመናው እኩለ ቀን ላይ ይከመርና ከ8 ሰዓት በኋላ ያወርደዋል። 10 ሰዓት ብላችሁ የምትቀጣጠሩት እንግዲህ ዶፉ በሚወርድበት ሰዓት ነው። ቀጠሮውን ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አምጡት፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሁላችሁም ቤታችሁ ትገባላችሁ። ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ የሚወርድ ስለሆነ ሌሊቱን አድሮ ጠዋትም የሚያካፋበት ቀን አይጠፋም። ግን ያን ያህል አይበዛም። አንድ ምልክት ይያዙ፦ ረፋድ ላይ ቆዳ የሚለበልብ ፀሐይ ከወጣ የከሰዓቱ ዝናብ ከባድ ነው፤ በዚያ ቀን ማንም «ገለጠ እኮ» ቢልዎት እንዳይዘገዩ።

ሁለተኛው ነገር የቀጠሮው አጠራር ነው። «እንደዋወል» የሚባል ቀጠሮ ክረምት ላይ አይሠራም፤ ሁሉም የሌላውን ስልክ ሲጠብቅ ቀኑ ይመሻል። ቀኑ፣ ሰዓቱና ቤቱ አንድ ይሁን፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ ያው ቦታ፣ ቢዘንብም ባይዘንብም። የቀረ ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይደውል። ከአምስቱ ሁለት ከመጡ ቀጠሮው ጸንቷል።

ሦስተኛው የቦታ ምርጫ ነው። ካፌ ሲመርጡ ከማኪያቶው በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ ወንበሩ መደገፊያ ያለውና ከጉልበት መታጠፊያ ያላነሰ ይሁን። የጀበና ቡና መጠጫዎቹ ዱካ ለጨዋታ ያምራል፤ አንድ ሰዓት ተቀምጠው ሲነሡ ግን ጉልበት የሚከፍለው ነው። ሁለተኛ መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ ሳይወርዱ የሚደረስበት ይሁን። የክረምት ደረጃ በሰው ጫማ ስለሚረጥብ ሲደርቅ አይታይም። ሦስተኛ በሩ ታክሲ ከሚያወርድበት 50 ርምጃ ባይርቅ ጥሩ ነው።

የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ኖሮባችሁ የሚያሸና ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላሲክስ የሚባለው በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ለ6 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። 2 ሰዓት ላይ ወስዶ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ካፌ መቀመጥ ማለት ጨዋታውን በየሩብ ሰዓቱ ማቋረጥ ነው። ብዙ ሰው በመውጫው ቀን ኪኒኑን ይዘለዋል ወይም ውሃ አይጠጣም፤ ሁለቱም ጉዳት አለው። መፍትሔው በሚወጡበት ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን መጠየቅ ነው። ጥያቄው አሳፋሪ አይደለም፤ ሐኪሞች በየቀኑ የሚሰሙት ነው።

ከቡናው በኋላ እግር ማፍታታት ከፈለጋችሁ ከአራት ኪሎ በአምስት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወስደው መንገድ ይመቻል፤ ሽቅቡ ለስላሳ ነው፤ ረጋ ባለ እርምጃ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ሽቅቡን በእግር ውጡ፣ ቁልቁሉን በታክሲ ተመለሱ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ያደርገዋል፤ ሽቅብ ግን የሚያደክመው ትንፋሽን ነው፣ ቆም ብሎ ማረፍ ይቻላል። ቁልቁል በርጥብ ንጣፍ ላይ ክብደት ሁሉ ጉልበት ላይ ይወድቃል፤ ሰው የሚያንሸራትተውም ሲወርድ ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው፣ ቀኝ ጉልበቴን ያመኛል። ከዘራ መያዝ አሳፍሮኝ ረጅም ጃንጥላ እደገፋለሁ። ባለፈው ሳምንት በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ስሄድ ጃንጥላው ሸርተት ብሎብኝ ለጥቂት ተረፍኩ። መንገዱ ነው ወይስ እኔ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ጃንጥላው ነው። የጃንጥላ ዘንግ የተሠራው ጨርቅ ሊሸከም እንጂ ሰው ሊሸከም አይደለም። ጫፉ የጣት ጫፍ የሚያህል ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ብረት ስለሆነ በርጥብ ንጣፍ ላይ የሚይዘው ነገር የለም። በዚያ ላይ ደጋግመው ሲደገፉት ዘንጉ መክፈቻው ጋ ይጎብጣል፤ ከዚያ ዝናብ መጥቶ ሊከፍቱት ሲሉ እንቢ ይላል።

ከዘራ ይያዙ፣ አባታችን። ከዘራ በእኛ አገር የሽማግሌ ማዕረግ ነው፤ መውደቅ ነው የሚያሳፍር። ግን ከአያት የወረሱትን ብረት ጫፍ ያለውን ከዘራ እንዳለ ይዘው አይውጡ፤ ጫፉ ላይ ጎማ ያስገቡበት። ጎማው የሕክምና መሣሪያ በሚሸጡ ሱቆች ይገኛል። የከዘራውን ጫፍ ዙሪያ በክር ለክተው ክሩን ይዘው ይሂዱ፤ የሰፋ ጎማ ጭቃ ውስጥ ተነቅሎ ይቀራል። ጎማውን ገልብጠው ሲያዩት ክብ ክብ መስመሮች አሉት። እነሱ ተፍቀው ሲለሰልሱ ይቀይሩት፤ ያለቀ ጎማ ጭራሽ ጎማ ከሌለው አይሻልም።

ቁመቱን እንዲህ ይለኩ። የሚሄዱበትን ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁ። የከዘራው መያዣ የእጅ አንጓዎ መታጠፊያ ጋ መድረስ አለበት። ከዚያ ከበለጠ ትከሻ ያነሣል፣ ካነሰ ያጎብጣል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ግን በየትኛው እጅ እንደሚይዝ ነው። የሚያምዎ ቀኝ ጉልበት ከሆነ ከዘራው በግራ እጅ ነው፤ ቀኝ እግር ሲራመድ ከዘራውም አብሮ ይወጣል። ደረጃ ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ከዘራውና የታመመው እግር ይቅደሙ።

አሁን አንድ ችግር ይመጣል፦ በግራ ከዘራ፣ በቀኝ ጃንጥላ ከያዙ ደረጃ ላይ የሚደገፉበት እጅ የለም። ስለዚህ ከዘራ የያዘ ሰው ጃንጥላውን ትቶ ቆብ ያለው የዝናብ ልብስ ይልበስ። ቆቡ ግን ጎንና ጎንን ይጋርዳል፤ መንገድ ሲሻገሩ ዓይንዎን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትዎን ሙሉ ያዙሩ። ጋቢ ከላይ አይደርቡ፤ ጥጥ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛልም። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ ይበቃል።

ስለ መንገዱም ከነጭራሹ ነጻ አላወጣነውም። የኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የሚቀመጡበት አግዳሚ አምጥቷል፤ ለእኛ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው። ለስላሳው ንጣፍ ግን ዝናብ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ የከፋ ነው፤ አቧራውና የመኪናው ዘይት ከጥቂት ውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ይሆናል። ሲያካፋ ቶሎ ለመድረስ መሮጥ ሳይሆን ቆም ብሎ ጥግ መያዝ ነው። ዝናቡ ጠንከር ብሎ ካጠበው በኋላ መንገዱ ይሻላል። የብረት የቱቦ ክዳን ላይ አይርገጡ። ወለሉ የማይታይ ደፍራሽ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ቢመስልም እግርዎን አይስደዱ፤ ከሥሩ ክፍት ቦይ ሊኖር ይችላል። መብረቅ ካለ ዛፍ ሥር አይጠለሉ።

ጫማው የጎማ ሶል ያለውና ጎድጎድ ያለ መስመር ያለው ይሁን። የሰርግና የቤተ ክርስቲያን የቆዳ ሶል ጫማ ለበጋ ይቆይ። ጫማ ሲርስ ከሰል ዳር አያስጠጉት፤ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ ሶሉም ይላቀቃል። ማሰሪያውን ፈትተው፣ ምላሱን አውጥተው፣ ውስጡን በጋዜጣ ይጠቅጥቁት። ጋዜጣውን ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቀይሩ፤ ማታም አንዴ። ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ክረምት ሁለት ጥንድ ጫማ ይጠይቃል። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ቅንጦት እንዳይለው። ርጥብ ካልሲ ውስጥ የዋለ እግር ይነፈርና ሳይታወቀው ይላጣል፤ ማታ ማታ በጣቶችዎ መሃል እያደረቁ ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ካፌ ተቀምጠን ሂሳብ ሲመጣ «ሞቼ እገኛለሁ» እየተባባልን እንጋፋለን። ጡረታዬ ትንሽ ነው፤ ተራዬ ሲደርስ አምስት ሰው መጋበዝ ይከብደኛል፤ ዝም ብሎ የሌላውን ግብዣ መጠጣትም ያሳፍረኛል። በዚህ ምክንያት መቅረት ጀምሬያለሁ። (ከለገሃር)

መልስ፦ እንደ እርስዎ በዚሁ ምክንያት የሚቀሩ ብዙ ናቸው፤ አፍ አውጥተው አይናገሩትም እንጂ። በየግል መክፈል ለእኛ ሰው አፍ አይመችም፤ ተራ መጋበዝ ደግሞ የሁሉም ኪስ እኩል እንደሆነ ይገምታል። የሚሠራው እንደ ዕቁብ አድርጎ ሙዳይ ማቋቋም ነው። በወሩ መጀመሪያ፣ ጡረታ በገባ ሳምንት፣ ሁሉም እኩል ያዋጣል፤ አንድ ሰው ይይዛል፣ ሂሳብ ሲመጣ እሱ ብቻ ይከፍላል። መዋጮው አቅሙ ከሁሉ ባነሰው ሰው ልክ ይቆረጥ። ቡናና ሻይ ከሙዳዩ፤ ኬክና ምሳ ያማረው ለራሱ። የተረፈው ለዕንቁጣጣሽ ይቀመጥ። ሐሳቡን ለማቅረብ የሚቀለው ሰው አቅም ያለው ሰው ስለሆነ ከመካከላችሁ ቅርብ የሚሉትን ለብቻው ያማክሩትና እሱ ያንሣው።

ጥያቄ፦ በወር አንድ ቀን ጎረቤቶችና የድሮ ባልደረቦች ተራ በተራ ቤት ለቤት ቡና እንጠጣለን፤ ስምንት ሴቶች ነን። ባለፈው ሐምሌ ዝናብ ስለነበር በርና መስኮት ዘግተን ስናፈላ ሁለታችን ራሳችንን አዞረን፣ አንዷ ልትወድቅ ነበር። ዕጣኑ ነው አሉ። እውነት ነው? ለስምንት ሰውስ ምን ያህል ቡናና ቆሎ ይበቃል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ዕጣን አስም ያለበትን ያስነጥሳል፣ ያፍናል፤ ብዙ ሰው ባንዴ የሚያዞረው ግን ከሰሉ ነው። በዝግ ቤት የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጭስ ያወጣል፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና እግር መክዳት ነው። «ከሰል አፈነው» እየተባለ በየክረምቱ የሚሞት ሰው አለ። እንቅልፍ ከወሰደው አይነቃም። የናንተ ዕድል ተቀምጣችሁ መጫወታችሁ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከሰሉ ደጅ፣ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል። ጥቁር ቦታው ጠፍቶ ሁሉም ፍም እስኪሆን ወደ ቤት አይግባ። ፍም ሆነ ማለት ግን አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ ጭስ የሌለው ፍምም ያንኑ መርዝ ያወጣል። ስለዚህ ዝናብ ቢሆንም በሩ ገርበብ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው መስኮትም አንድ ጋት ያህል ይከፈት፤ አየሩ ገብቶ መውጫ ይፈልጋል። ቅዝቃዜውን በጋቢ ይቻሉት። ከበረካ በኋላ ማንደጃው ወዲያው ደጅ ይውጣ፤ ለእግር ማሞቂያ ተብሎ አይቆይ። አንዷ ራሴን ካለች ጥያቄ ሳይበዛ ሁላችሁም ውጡ። ከደጁ አየር በኋላም ካልተሻላት ወይም ከተዝለፈለፈች ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወል። ኤሌክትሪክ ምድጃ ያላት ውኃውንና ጀበናውን በእሱ ብታደርግ ይሻላል፤ ፍሙ ለዕጣኑ ብቻ ትንሽ ይበቃል። ወግ አጥባቂዎቹ ይከፋቸው ይሆናል።

መጠኑንም ጠይቃችኋል። ለስምንት ሰው ሁለት ሲኒ ሙሉ ጥሬ ቡና ይበቃል፤ አቦል ወፍሮ በረካም ውኃ ውኃ አይልም። ቆሎው አንድ ኪሎ የማይሞላ፤ ጥርስ የማይችል ላለች ዳቦ ወይም የተፈጨ ዳቦ ቆሎ ይኑር። ጨውና ስኳሩን ለየብቻ በገበታ አቅርቡ፤ በስምንት ሴት መሃል ግፊት ያላትና ስኳር ያለባት አትጠፋም።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን በልማት ተነሥቶ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። እድራችን ግን የድሮው ነው፤ አባላቱ በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል። ጡሩምባ ነፊው ማንን ይጥራ? ክረምት ላይ ደግሞ ቀብር መድረስ ፈተና ሆኗል። እድሩን እናፍርሰው? (የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪ)

መልስ፦ አታፍርሱት። ለጡረተኛ እድር የቀብር ድርጅት ብቻ አይደለም፤ ከቤት የሚያወጣው፣ ቢቀር «የት ነው ያለኸው» የሚለው እሱ ነው። መለወጥ ያለበት አሠራሩ ነው።

ጥሪውን ከጡሩምባ ወደ ስልክ ሰንሰለት አዙሩት። አባላቱን አሁን በሚኖሩበት አካባቢ በአሥር በአሥር ሰው ከፍላችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ደዋይ ሹሙ። ጸሐፊው ለደዋዮቹ ብቻ ይደውላል፤ ደዋዮቹ ለአሥሩ። መልእክቱ አራት ነገር ይያዝ፦ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መካነ መቃብር እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መኪናው ከየት እንደሚነሣ። የቴሌግራም ቡድን ለልጆቻችሁ ጥሩ ነው፤ እሱን ብቻ ማመን ግን ስልኩን ከማያይ ሽማግሌ ጋር ያጣላል።

መጓጓዣ ላይ እድሩ አንድ ሃይገር ወይም ሁለት ሚኒባስ ቢከራይ በየግል ከሚወጣው የታክሲ ሂሳብ ይረክሳል። መነሻው ጣሪያ ያለው ቦታ ይሁን። ሁሉም በየቀብሩ ይድረስ የሚለውም ደንብ ክረምት ላይ ይላላ፤ ከ75 ዓመት በላይ የሆነ አባል ለሰልስት ቢደርስ እንደ ቀብር ይቆጠርለት። ይህን በጠቅላላ ጉባኤ ወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ፤ በቃል የቀረ ፈቃድ ቆይቶ ቅጣት ሆኖ ይመጣል።

ዕቃው ላይ የክረምት ጠላት ድንኳን ነው። ሸራው ሲወጠር መሃሉ ከፍ፣ ጠርዙ ዝቅ ይበል፤ ለጥ ብሎ የተወጠረ ሸራ ውኃ ያቁርና በክብደቱ ምሰሶውን ይዞት ይወርዳል። ውኃ ሲያቁር ከሥር ጫፉ በጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ቀስ ብሎ መግፋት እንጂ በቢላ መቅደድ አይደለም (ተደርጓል!)። ጎርፍ በሚመጣበት በኩል አፈር ከሆነ አንድ ጋት ጥልቀት ያለው ቦይ ይቆፈር፤ ንጣፍ ከሆነ አሸዋ የሞላ ከረጢት ይደርደር። ከሁሉ የሚብሰው ግን በኋላ የሚመጣው ነው። ርጥቡን ሸራ ጠቅልሎ መጋዘን መወርወር በሳምንት ውስጥ ያሻግተዋል፤ ስፌቱ ይበሰብሳል። ፀሐይ በወጣ ጠዋት ተዘርግቶ ሁለቱም ፊቱ ይድረቅ። ይህ ሥራ ለጡረተኛ የሚሆን ነው፤ አራት ሰው፣ አንድ ጠዋት፣ ከዚያ ቡና።

ጥያቄ፦ የ7ና የ10 ዓመት የልጅ ልጆቼ ክረምቱን እኔ ጋ ናቸው። ቴሌቪዥን ላይ ተተክለዋል። ብዙ ሳልራመድ የት ልውሰዳቸው? (ከአምስት ኪሎ)

መልስ፦ ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው ጠየቁን! አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ይጀምሩ። ልጆችን ሁሉንም ፎቅ ካላዞርኩ ማለት ስህተት ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚያዩት የመውጫውን በር ነው። ድንቅነሽን ብቻ በደንብ ያሳዩአቸው። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ወር አፋር ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት፤ ቁመቷ ወደ 1 ሜትር ከ10 ሳንቲሜትር ነው። ከመሄድዎ በፊት ቤት ግድግዳ ላይ በእርሳስ 1 ሜትር ከ10 ምልክት አድርገው ልጆቹን አጠገቡ ያቁሟቸው። የ7 ዓመቱ ልጅ እንደሚበልጣት ሲያውቅ ሙዚየሙ ውስጥ ሌላ ልጅ ሆኖ ይገባል። ለእይታ የሚቀርበው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ እንደሚቀመጥ ይንገሯቸው፤ የ10 ዓመቱ ያንን ሳይጠይቅ አይቀርም።

በሌላ ቀን ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። መታወቂያ ይያዙ፣ በሩ ላይ ይጠየቃሉ። ከሕንፃው ፊት ወደ ሰማይ የሚጠማዘዝ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ያያሉ። ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ የሠሩት ነው፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹ ከታች ሆነው ይቁጠሩት እንጂ አይውጡበት። ውስጥ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንዳለ አለ፤ ልጆች ከዘውድ ይልቅ የንጉሥ መታጠቢያ ቤት ይገርማቸዋል። ፊት ለፊት የየካቲት 12 ሐውልት ስላለ ታሪኩን በአምስት ደቂቃ ለመንገር ይዘጋጁ፤ ለ7 ዓመቱ ግን ለዘብ አድርገው።

ለዝናባማ ቀን አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። ፒያሳ ያለው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ግቢው ሰፊ፣ ደረጃውም ብዙ ስለሆነ ከሌላ ጉብኝት ጋር አይደርቡት።

መንገድ ሲሻገሩ ልጆቹ በሁለቱም እጅዎ ስለሚሆኑ ዕቃ በጀርባ ቦርሳ ይሁን። ስልክ ቁጥርዎን በወረቀት ጽፈው በላስቲክ ጠቅልለው በየኪሳቸው ይክተቱ። ለቡሄ ነሐሴ 13 ደግሞ ዝርዝር ብር ቀደም ብለው ያስቀምጡ፤ ሆያ ሆዬ ባዮቹ መቶ ብር መላሽ የላቸውም።

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ፣ ኪኒንና መርፌ እወስዳለሁ። የፍልሰታን ጾም ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልፌ አላውቅም። ቅዳሴው እስኪያልቅ መቆየት እችላለሁ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ከነሐሴ 1 በፊት ሁለት ሰው ያነጋግሩ፤ ሐኪምዎንና የንስሐ አባትዎን። በዚህ ቅደም ተከተል ይሁን፤ ሐኪሙ ያለውን ይዘው ሲሄዱ አባትም የሚፈቅዱትን ያውቃሉ። ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ምንም አለመቅመስ አደገኛ ነው፤ መርፌውን በራስ ፈቃድ መተውም እንደዚያው። ጾሙን ከሥጋና ከወተት መከልከል ይያዙት፤ የሰዓቱን ነገር ይፍቀዱልዎት።

ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ላስቲክ ቋጥረው ይያዙ። እጅ መንቀጥቀጥ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ልብ መምታት፣ ዓይን ብዥ ማለት ከመጣ «ቅዳሴው ይለቅ» አይበሉ፤ ስኳሩን በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ይድገሙ፣ ከዚያ ምግብ ይብሉ። አጠገብዎ ለምትቆመው ሰው አስቀድመው ይንገሯት። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ወለሉ በሰው ነጠላና ጃንጥላ ስለሚረጥብ ትርፍ ወፍራም ካልሲ ይያዙ፤ ሲወጡ የረጠበውን ቀይረው ነው ጫማ የሚያደርጉት።

ጥያቄ፦ ቴአትር እወዳለሁ። ሲያልቅ ግን ጨልሞ፣ ዘንቦ፣ ታክሲ ጠፍቶ እቸገራለሁ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ በ1948 ዓ.ም. የተከፈቱት እርስዎ በእግር ሊደርሱባቸው በሚችሉበት ከተማ ነው፤ አሁን ከተማው ሰፍቷል። ቀን ላይ የሚታየውን ዝግጅት ይምረጡ። የማታ ከሆነ መጋረጃው ከመዘጋቱ 10 ደቂቃ በፊት መኪና ይዘዙ፤ ሁሉም ወጥቶ በር ላይ ቆሞ ሲያዝ ዋጋው ይወጣል፣ መኪናውም ይጠፋል። ዘመናዊ ስልክ ባይኖርዎትም ራይድ በ8294 ተደውሎ ይመጣል። ቦታውን «ቴአትር ቤቱ ጋ» አይበሉ፤ ከበሩ ትንሽ ራቅ ያለ፣ መኪና መቆም የሚችልበትን ጥግ ቀን ላይ ያጥኑና እሱን ይናገሩ። የዳር ወንበር ይዘው ይቀመጡ፤ ስልክ ለማናገርም ለመውጣትም ይመቻል።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ በለስ ተው ይለኛል፤ ክረምት ያለ በለስ ምኑን ክረምት ሆነ? (ከለገሃር)

መልስ፦ ሐኪሙ ምክንያቱን አልነገሩዎትም ይሆናል። ውስጡ ያለው ደቃቅ ዘር ብዙ ስለሆነ ባንዴ አምስት ስድስት ሲበሉት አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ ክፉኛ ያደርቃል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ አንጀት ቀድሞም ሰነፍ ነው። ሁለት ቢበሉና ከላዩ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ቢጠጡ ችግሩ ይቀንሳል። ሌላው የስኳር ጉዳይ ከሆነ ግን እሳቸው ያሉትን ይስሙ። ከአዟሪ ሲገዙ ሻጩ ራሱ ይላጥልዎት፤ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ፣ ጎኑን ሰንጥቆ ይፈለቅቀዋል። ቢላውንና እጁን የሚያጥብበትን ባልዲ ግን አንዴ ያጤኑት፤ ውኃው ደፍርሶ ከሆነ ያልተላጠ ገዝተው ቤትዎ በሹካ ወግተው ይላጡ። በባዶ እጅ አይንኩት፤ ያቺ የማትታየዋ እሾህ ጣት ውስጥ ከገባች ሦስት ቀን ነው የምታስቀምጠው። ለማውጣት ፕላስተር ለጥፎ መሳብ ከመርፌ ይሻላል።